የማክሰኞዋ መኪና

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ገና ከማለዳ፣
ፀሐይ ሳትቆጣ፣ ሱቁ ሳይሰናዳ፣
ከገንደ ቆሬ ጫፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣
አለች መኪናችን፣ አንድ በሯ የላላ።
ነጭ ናት ይሏታል፣ አቧራውን ትተው፤
“በነፃ” ይላል ጎኗ፣ ማንም ያላመነው።
(የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰው ነው የመጣ፤
አንዱ መንገድ ጠይቆ ተመልሶ ወጣ።)
ቡሽራ ነው የሚነዳት፤ ማርሹ ሲያስቸግረው
በሦስት ቋንቋ ረግሞ፣ በአራተኛው የሚስቀው።

እኔ ከደጃፏ፣ መዝገብ ተሸክሜ፣
ስም እጠራለሁ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ።
ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ከዚያም “ምክንያት”፤
ከቢሮ የመጣ ቅጽ፣ ዓምዶቹ አራት።
አራተኛው ጠባብ፣ ሁለት ጣት የሚሞላው፤
የሰው ምክንያት ግን ሜዳም አይበቃው።

“ስኳር” ብዬ ጻፍኩኝ ለአዴ መይረም።
“ዓይን” ለሸህ አደም።
“እርግዝና” ለዘምዘም፣ ገና በአፍላ ዕድሜዋ፣
እግሯ አባብጦባት፣ በእጇ ነው ጫማዋ።
እማማ ትርሲት ግን ምንም አያማቸውም፤
“ሰው ናፍቆኝ ነው” አሉኝ፣ ሌላ ሰበብ የላቸውም።
“የጤና ክትትል” ብዬ ሞላሁላቸው።
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አልጠየቃቸው።

ችግር የመጣው በጋሽ ደስይበለው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡሩ ኖረው፣
በአሮጌው፣ በፈረንሳዩ፣
ትኬት ሲበሱ፣ ትኬት ሲያዩ፣
ዛሬ ጉልበት ከዳቸው። ከበሩ ላይ ቆሙ።

“ትኬት ቁረጪልኝ።”
“ጋሼ፣ ነፃ እኮ ነው።”
“ትኬት ያልያዘ ሰው መንገደኛ አይደለም፤
ሌላ የማውቀው ሕግ በዚህ ዕድሜዬ የለም።”

“አቦ!” አለ ቡሽራ፣ መሪውን ደብድቦ፣
“ሐኪሙ ሊወጣ ነው! አስገቢያቸው፣ አቦ!”

ከመዝገቤ ኅዳግ አንድ ቁራጭ ቀድጄ፣
“ገንደ ቆሬ — ድል ጮራ፤ ዋጋው ዜሮ” ብዬ
ጻፍኩና ሰጠኋቸው።
ከኮታቸው ኪስ ውስጥ መብሻቸውን አወጡ፣
ዝገት የበላውን።
ጠቅ!
ራሳቸው በሱት። ገብተው ተቀመጡ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ
(ደቻቱ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ያባርራሉ)
ከኋላ ወንበር ላይ ዕብላ ተነሣች፣
የሽንሌዋ ዕብላ፣ ጨርቅ ነጋዴ የነበረች።
“ይህን ጠቅታ አውቀዋለሁ” አለች።
“አዲጋላ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ከነልጄ ያወረድከኝ አንተ አይደለህም ወይ?”

ሁሉም ጸጥ አለ። ቡሽራ ሬዲዮኑን ዘጋ።
ጋሽ ደስይበለው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።
አልካዱም።
“ስንት ጊዜ ጠበቅሽ?” አሏት በመጨረሻ።
“ሁለት ሌሊት።”

ከዚያ ተነሡ፤ በዚያ ጉልበታቸው፣
ወንበር እየያዙ፣ መኪናው እየናጣቸው፣
አጠገቧ ደርሰው፣ የዜሮ ብሯን ትኬት
ለሁለት ቀደዱ። ግማሿን በሱላት።
ይቅርታ አላሉም፤ ይቅርም አላለች።
በጋርበሳሯ ጫፍ ቋጥራ አስቀመጠች።

እስከ ድል ጮራ በር እስክሪብቶዬ ቆመ፤
የዕብላ ምክንያት ባዶውን ከረመ።

ሐሙስ ናፍጣ ጠፋ።
ቡሽራ ከሌሊቱ ማደያ ተሰልፎ
እስካሁን አልመጣም፤ ሦስት ሰዓት አልፎ።
ሰዉ ከኒሙ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተኮልኩሎ፣
የቀጠሮ ካርዱን በእጁ አንጠልጥሎ
ይጠብቃል።
ቢሮ ብደውል፣ “በጀቱ ይታያል” አሉኝ፤
መቼ እንደሚታይ ግን አልነገሩኝ።

ጋሽ ደስይበለው ሰዓታቸውን አዩ፦
“በእኛ ጊዜ ባቡሩ እንዲህ አይዘገይም ነበር።”

ዕብላ ከድንጋዩ ጠጋ አለችላቸውና፣
“በእናንተ ጊዜማ” አለች፣ “እኔ መች ደረስኩና?
ተቀመጥ።”