መርፌው

ሠላሳ ሁለት ዓመት በድሬ ምድር ባቡር
ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ ብረት ሳነጋግር።
ጣቴ ማየት ለምዷል፣ ጆሮዬ መዳሰስ፤
የእህቴ ልጅ ይህን ያውቃል፤ መጣ ሲገሰግስ፦
«አጎቴ፣ ሐረር ላይ አንድ ጠመንጃ አለ፤
ከርከሮው ማሽላዬን ከሥር እየነቀለ
ዘመድ ይጠራበታል፤ ና እይልኝ» አለ።

የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ዞረን፣
መኪና ግርግርን በእግር ተሻግረን፣
ከአንድ ጠባብ በር ሥር አጎንብሰን ገባን።
ወይዘሮ ራውዳ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል
ጠመንጃውን አሳየችን፣ ነደባው ላይ ተጋድሞ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልል፦
«የቡሽራ ነው» አለች። «ባሌ ነበር» አለች።
ሌላ አልጨመረች።

መጀመሪያ ወረቀቱን። የፈቃዱ ቁጥር
ከብረቱ ቁጥር ጋር ገጠመ፤ ደህና ነገር።
ቀጥሎ ባዶነቱን። ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ፊት ገፍቼ
ትንሿን ጣቴን ጥይት ቤቱ ውስጥ ከትቼ፣
አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ።
«ሰው የሚገድለው ባዶ የተባለው ነው» ይል ነበር አባቴ።

የብሎኖቹን ራስ አየሁ። ብሎን አይዋሽም፤
ካቻቢቴ የማያውቅ እጅ ከነካው ጠባሳው አይሽርም።
አምስቱ ንጹሕ ናቸው።
አንዱ ግን፣ የኋላው፣
ተቧጭሯል፤ በቢላ ይሁን በመቀስ አልለየሁም፤
አለፍኩት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሰደፉ ከአንገቱ ላይ ተሰንጥቆ
በመዳብ ሽቦ ታስሯል፣ በጥንቃቄ ተጠብቆ።
ጉንጭ የሚያርፍበት እንጨት ጠቁሯል፤
የአንድ ሰው ላብ ብቻ ነው፤ ይህ ዋጋ ይጨምራል።

ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር
ከኋላው ደግፌ፣ በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ስማትር፣
ጠመዝማዛው መስመር እንደዚያ እንደ ደንገጎ
ይዞራል፣ ይዞራል፤ እዚህም እዚያም የዝገት ፈንጣጣ አድርጎ።
ይጸዳል። አያሰጋም።

እጀታውን ደጋገምኩት፦ ሽልክ፣ ቀጭ። ሽልክ፣ ቀጭ።
ሰባ ዓመት የሞላው ብረት እንዲህ ሲታዘዝ
የእህቴ ልጅ ዓይን ውስጥ ከርከሮው ሲወድቅ አየሁ።
ከዚያ ምላጩን ሳብኩ።
መዶሻው ወደቀ።

ብረት ብረት ሲመታ ድምፁን አውቃለሁ።
ይህኛው ግን ማንም የሌለበትን ቤት
በር እንደ ማንኳኳት።
«መርፌ የለውም» አልኩ።

የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«በሰባ አራት ነው። ከወንድሙ ከሙራድ ጋር
በአንድ ክንድ ግንብ ተጣልቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር፣
ሌሊት ተነሥቶ ይወለውለዋል፤ ብረቱን ሳይሆን ሐሳቡን።
አንድ ቀን ደክሞት ሲያሸልብ፣ በመቀሴ ፈታሁት ብሎኑን።
ጠዋት ይዞት ወጣ።
ማታ ይዞት ገባ።
እሱ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ዘይት ቀባው፣ ሰቀለው፣
መርፌዬ የት ገባ ብሎ አያውቅም።»
ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«የቀበረው ሙራድ ነው» አለች።

ከዚያ ከመስኮቱ ሥር የመርፌ መሰኪያዋን አነሣች፤
ከቀጫጭኖቹ መካከል አንድ ወፍራም፣ ደብዛዛ፣
ጨርቅ ወግቶ የማያውቅ፣
በሁለት ጣቷ ይዛ፦
«ከነመርፌው አንድ ዋጋ ነው፤ ያለ መርፌው ሌላ።»

የእህቴ ልጅ ብሩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።
ያንን መርፌ በቶርኖ በግማሽ ቀን እንደማወጣው ያውቃል፤
ልኩንም በዓይኔ እንደወሰድኩ ያውቃል።
«ያለ መርፌው» አልኩ። ለርካሽነቱ መሰለው።

አሁን ጠመንጃው እኔ ቤት ነው፣ ከዚራ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ።
ደህና ብረት ገዝቻለሁ። ቶርኖ የሚያውሰኝም አለ።
ከርከሮው ማሽላውን ጨርሶ ወደ ድንቹ ገባ፤
የእህቴ ልጅ በየእሁዱ ይደውላል፦
«አጎቴ፣ መርፌውስ?»
«ነገ» እለዋለሁ።