የአንድ ጣት ክፍተት

ፈራሚው እኔ ነኝ፣ በገዛ ቀኝ እጄ፣
ጓንቴን አውልቄ፣ በጥርሴ ነክሼ ይዤ።
ከሠላሳ ሰባተኛው ፉርጎ ሥር በርከክ ብዬ
የአንድ ጣት ክፍተት አየሁ በባትሪዬ።
ጣቴን ብወትፈው ልክክ ብሎ ገባ፤
ስንዴው በጎን ሾልኮ ወጣ እንደ ሌባ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፍሬ... ደግሞ ቆየት ብሎ
አራተኛው ወጣ ሦስቱን ተከትሎ።

ሙስ ጆ ነው፤ ጥቅምት ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ብረት በባዶ እጁ የነካ ሰው ወዮለት።
መቶ አሥራ ሁለት ፉርጎ፣ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር፣
ሙሉው የበጋ ላብ፣ የሦስት አውራጃ ምድር።
የሃውሪሉክ እርሻ፣ የፍሪሰን ማሳ፣
በድንበር ሲካሰሱ የኖሩ ሠላሳ
ዓመት፣ እዚህ ሆድ ውስጥ ታርቀው ተኝተዋል፤
የማን ፍሬ የማን ነው፣ ማን ለይቶ ያውቃል?

ሬዲዮው ያጓራል፦ «መርከብ ቫንኩቨር ቆማለች!
ሳትጭን በየቀኑ ዶላር ትበላለች!»
ፉርጎዋን መንጠል፣ ሌላ መስመር ማስገባት፣
መዶሻ፣ ብየዳ፣ እስኪነጋ መዋተት፤
ደግሞስ ለስንት ፍሬ? ለእፍኝ፣ ለሁለት እፍኝ?
ወፍም ድርሻ አላት ብዬ ራሴን አሳመንኩኝ።
«ደኅና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነጎደ ባቡሩ።
የቤቴስ ተዘጋ፣ ጥርቅም አለ በሩ።

ጠብ።
ጠብ።
ሜዳው ላይ ጠብ፤ ነፋስ ወሰደው።
ስዊፍት ከረንት ላይ ጠብ፤ ቁራ ለቀመው።
ካልጋሪ ሲቆም ክምር ሠራ፣ እንደ ባርኔጣ፤
ከዚያ ተራራው መጣ።

ተራራ ላይ ባቡር ያቃስታል፣ ይተነፍሳል፤
ፍሬን ሲይዝ፣ ሲለቅ፣ መዝጊያው ይላወሳል፤
የአንድ ጣት ክፍተት የሁለት ጣት ሆነ፤
ስንዴው ጠብታ ትቶ እንደ ውሃ ባከነ።
በሐዲዱ መሃል፣ ጥድ በከበበው ስፍራ፣
ጠሪው የማይታወቅ ድግስ ተሠራ።

በጥቅምት ወር ድብ አትጠግብም፤ ታውቃለች፣
አምስት ወር ሙሉ ሳትበላ ትተኛለች፤
ደግሞ ሁለት ልጆች ከኋላዋ አሉ፤
የጫካው ፍሬ አልቆ፣ ቀርቷል ባዶ ቅጠሉ።
አፈር ሳይቆፍሩ፣ ድንጋይ ሳይገለብጡ፣
ሦስቱም መስመሩን ይዘው ተከታትለው መጡ፤
እየላሱ፣ እየላሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣
የሃውሪሉክን ላብ፣ የፍሪሰንን በልተው።

ከኩርባው ጀርባ ሌላ ባቡር።
አሥራ አራት ሺህ ቶን ‹ቁም› ቢሉት አይቆምም፣
ዴልፊን ጥሩንባ ብትነፋ፣ ፍሬን ብትይዝም።

በሳምንቱ ካንቲን፣ ሾርባዋን ሳትነካ፣
«ቀና አላለችም» አለችኝ፤ «ርቧት ነበር ለካ።
ግልገሎቹ ሸሹ፤ አንዱ ዞሮ አየኝ።
እህሉ ከየት መጣ? እስቲ አንተ ንገረኝ።»
ማንኪያዬን አየሁት። አላልኳትም ምንም።
ዳቦ ነበር ከፊቴ። አልቆረስኩትም።

ወደብ ላይ ሲመዘን አራት ኩንታል ጎድሏል፤
ጸሐፊው «የመንገድ ብክነት» ሲል ሞልቷል።
ለብክነት ቅጹ ላይ ቦታ አለው፣ በደንብ፤
ቦታ የለውም እንጂ ለእናትየዋ ድብ።
መርከቧም ጫነችው፤ ወደ ቺታጎንግ ሄደች።
እዚያ ዱቄት የምታቦካ ሴት ምን ታውቃለች?
አታውቅም፤ አትወቅ፤ ልጆቿ ይጥገቡ፤
ሒሳቡ የኔ ነው፤ የእጄ ነው ሒሳቡ።

በግንቦት ፈቃድ ወስጄ ኩርባው ድረስ ሄድኩኝ፤
ባቡር በሌለበት ሰዓት በሐዲዱ ተጓዝኩኝ።
ከጠጠሩ መሃል ስንዴ በቅሏል፣ ገና ለጋ፤
አጫጅ አይመጣለት፤ አይደርስ ለበጋ።
ቁመቱን ለካሁት፣ ጣቴን አስጠግቼ፤
ልክክ አለ። ከዚያ፣ ጥሩንባ ሰምቼ
ከሐዲዱ ወረድኩ። መቶ ፉርጎ አለፈ፣ ከመቶም በላይ፤
ጎንበስ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ መዝጊያቸውን ሳይ፣
ሁሉም ዝግ ይመስላል።