የመዳብ መስመር

በሊፕቶቭ ሸለቆ በረዶው ሲከመር፣
ወጥ ቤት ተቀመጥሁ ለመኖ ቀመር።
ሃያ ሁለት በጎች ሆዳቸው የገፋ፣
ሊወልዱ ሦስት ሳምንት፤ ድርቆሹ በዝናብ ጠቁሮ የከፋ፣
ዕዳችን በእህል ነጋዴው ደብተር የሰፋ።

ፕሮግራሙ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤
ገብስ ስንት ነው ሲለኝ ዋጋውን እጽፋለሁ።
አጃው የራሳችን፣ አተሩ የገበያ፣
የጎመንዘሩ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ፤
ድርቆሹን ኒትራ ልኬ፣ ቁጥሩን በፖስታ አግኝቼ፣
(አባቴ እንደሚለው፣ ሣር ሣር መሆኑን ለማወቅ ስድሳ ዩሮ አውጥቼ፣)
ጉልበቱ አይነስ እላለሁ፣ ገንቢውም አይውረድ፣
ፋጉሎው ልክ ይኑረው፣ ሲበዛ አይወደድ፤
ካልሲየሙ በልኩ፣ ጨውም በልኩ፤
ከዚያ "አስላ" የሚለውን ጣቶቼ ነኩ።

አባቴ ማቱሽ ከደጃፉ ቆሞ፣
ቦቲውን ሳያወልቅ፣ በረዶ በትከሻው ተሸክሞ፣
"አርባ ዓመት በእፍኜ መኖዋን ስሰጣት፣
የትኛዋ በግ ናት ግራሙ የቆጫት?"

ዝም አልሁት። ያን እፍኝ በስውር መዝኜዋለሁ፤
እንደ ልቡ ውሎ ሲያድግ ሲያንስ አይቻለሁ፤
የከፋው ቀን ሁለት መቶ፣ ደስ ሲለው ሦስት መቶ ሃያ፣
ለዚያች ለጆሮ ቆራጣዋ ደግሞ ከኪሱ መጨመሪያ።

መልሱ ቀልቶ መጣ፦ "መፍትሔ የለም።"
ገብሱን ጨመርሁለት፤ የለም። አጃውን ቀነስሁ፤ የለም።
ዋጋውን ተውሁለት፣ ይወደድ ብዬ፤
የለም። እንደ ግትር ዳኛ ቆመብኝ ከላዬ።

ከወሰኖቹ ግርጌ አንዲት መስመር ቀረች፣
ሳላያት ያለፍኋት፣ ቀልታ የጠበቀች።
መዳብ። ለበግ ሲሆን ከአሥራ አምስት እንዳያልፍ፤
እዚህ ሠላሳ ስምንት። ጣቴ ደርቆ ቀረ ከቁልፍ።
ከገብሱ አልመጣም፣ ከድርቆሹም አልወጣ፤
ከሰማያዊው ከረጢት ነው፣ አባቴ ከገበያ ይዞት የመጣ፣
ሆዱ ላይ ላም የተሳለች፣ ግማሽ ዋጋ የከፈለበት፣
"ከመቶው ሦስት ይግባ" ብሎኝ ሳልጠይቅ የፈረምሁበት።

ይህን ከረጢት አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመቱ፣
ላማችን የተሸጠች ጊዜ፣ ማዕድኗ ተርፎ ሲቀር በቤቱ፣
"እነሱም ይቅመሱት" ብሎ ለበጎቹ በተነ፤
በየካቲት የዘጠኙ ዓይን ቢጫ ሆነ፣
ሽንታቸው በረዶው ላይ ወይን ጠጅ መሰለ፤
ቀብረን ስንመለስ አባቴ "ውሃው ነው" አለ፤
"ቬንዴሊን ነው ከላይ ሆኖ ምንጩን ያበላሸ።"
ማንም ሳይመረምር ነገሩ መሸ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት በአንድ አጥር ተኳርፎ፣
ሠርጌ ላይ አልመጣ፤
የሚስቱ ሬሳ እንኳ በደጃችን አልፎ
መጋረጃ ዘግተን ነበር ሾርባችንን የምንጠጣ።

"ስንት አለ?" አለ አባቴ፣ መነጽሩን ሲያጣ።
ከረጢቱን ሰረዝሁት፣ ቁልፉን ነካሁ፤ አረንጓዴ መልስ ወጣ።
"በኪሎ ሃያ ስድስት ሳንቲም።"
"ሰማያዊውስ?"
"እሱ ይቅር፤ ውድ ነው" አልሁት።
ውድ መሆኑስ እውነት ነው።

እንደ ቆመ ቀረ፣ የትከሻው በረዶ ቀልጦ እስኪንጠባጠብ፤
መነጽሩ እዚያው ደረት ኪሱ ነበር፣ ከትንባሆው ቅርብ።

ጠዋት ጎተራ ብገባ ከረጢቱ የለም።
የቦቲው ዱካ በአዲሱ በረዶ
ሽቅብ ወደ ቬንዴሊን አጥር ሄዶ ሄዶ፣
እዚያ ጋ መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል፤
ከዚያ
ወደ ቤት ተመልሷል።

ሚዛኔንም ከወጥ ቤት ወስዷል።
በበረቱ አምፖል ሥር፣ ትንፋሹን ይዞ፣
ከሁለት መቶ ሰማንያው ላይ አንድ ፍሬ ገብስ ያነሳል፤
ፍሬዋን ግን
ለጆሮ ቆራጣዋ ይሰጣል።