ኮከብ ቆጣሪው

እናቴ «ልጄ ኮከብ ቆጣሪ ነው» ብላ፣
አስወርታ ኖሯል፣ ቤርሼባን አካልላ።
ሲመሽ ስልኬ ይጮሃል፤
የሙሽራው ስም ከነእናቱ፣ የሙሽሪት ከነእናቷ፣
«ይገጥማል ወይ?» ትላለች እትዬ ፈንታዬ፣ እየሳቀች።

እኔ ያለሁት ሚጽፔ ራሞን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ዋልያ አስፋልት ላይ ከሚተኛበት፣ ከከተማው ጫፍ፤
ጉልላቱ ሲከፈት ብረቱ ያቃስታል፣
ብርዱ በካፖርቴ እጅጌ ሽቅብ ይወጣል።
ዕድል አልቆጥርም፤ ብርሃን እንጂ፣ ያንን፣
ሰው ገና ማረስ ሳይለምድ ከቤቱ የወጣውን።

ዘለላ ነው የማየው፤
መቶ ሺህ ፀሐይ፣ ባንድ ግንድ እንዳፈራ ወይን ታጭቆ።
እዚያ ጥንዶች አሉ።
ገላጣ ሜዳ ላይ ቢሆኑ እስከ ዘመን ጫፍ በተዟዟሩ፤
ግን ጎረቤት አለ፣ አላፊ አለ፣ መሃል የሚገባ አለ።

ሕጉን የተማርኩት ገና ፊደል ስቆጥር ነው ማለት ይቻላል፦
ላልቶ የተያያዘ፣ በግፊያው ይብስ ይላላል፤
ጠብቆ የተያያዘ፣ በግፊያው ይብስ ይጠብቃል።
«አለ» ሲላላ ወሬ ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ይሆናል።

አንዱም የጓደኛውን ጋዝ ቀስ እያለ ይጠጣል፣
ጓደኛው አመድ ሲሆን፣ እሱ ሰማያዊ ጎረምሳ ይመስላል።
(ባሏን ከቀበረች ወዲህ እትዬ ፈንታዬን ያየ ይረዳኛል።)

ሦስት ሲጋፉ ደግሞ
የሚወረወረው ቀላሉ ነው።
ሁለቱ፣ በወረወሩበት ጉልበት ልክ፣
ይበልጥ ይቀራረባሉ።

እኛ ካራቫኑ ውስጥ ሦስት ነበርን።
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ የጎረቤት ሳል ከትራሳችን ሥር፤
በየሳምንቱ አንድ ትዳር ከነፍራሹ ሲወጣ ይታይ ነበር።
አባቴ አስረስ ዝም አለ። እናቴ ጠጄ ጮኸች።
አንድ ሌሊት ሻንጣዬን እሷ አሰረች፣ እሱ ተሸከመ፤
ሳይነጋገሩ፣ እጃቸው አንድ እጀታ ላይ ገጠመ።
የአዳሪ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ክብደቴ ሠላሳ አራት ኪሎ።

ዛሬም አብረው ናቸው።
እሱ ገና ሳያስነጥስ፣ እሷ «ይማርህ» ትላለች።

ለእትዬ ፈንታዬ ምን ልበላት?
«ይገጥማል፤ ግን ልጅ ሲመጣ ሚዛን ላይ አውጡት» ልበላት?

ሊነጋ ሲል፣ ከዘለላው ውጭ፣
ማንንም የማይዞር፣ እየራቀ የሚሄድ አንድ ትንሽ ኮከብ አገኘሁ።
መዝገቡ ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩ።
ለእናቴ የሚያነብላት ሰው፣
አጥብቆ ያንብብላት።