ያልዘገየ ባቡር

ጥር ነው። በኦውሉ ባሕሩ ረግቷል፤
ገና ዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማው መሽቷል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በጠባቧ ክፍል፣
ሲኒካ ሽቦዋን ደረቱ ላይ ስትተክል
"ቀዝቃዛ ነው" አለችው።
"የባሰም አውቃለሁ" አላት ታይስቶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ባቡር ነድቷል እሱ፣
ከኦውሉ ካያኒ፣ ከካያኒም መልሱ፤
ጣቢያ የቆመ ሰው ሰዓቱን ሲጠራጠር
በእሱ ባቡር ፉጨት ያስተካክል ነበር።
ዛሬ ስኳር ይዞት፣ የእግሩ ጣት ደንዝዞ፣
ብድግ ሲል ዓለም ዞሮ፣ ጉልበቱ ፈዝዞ፣
ሐኪም ላከው፦ "ነርቮችህ ይታዩ፤
ከልብህ ጋር ዛሬም ይነጋገሩ እንደሆን ይለዩ።"

"እዪ" አላት በኩራት፣ ወደ ስክሪኑ ጠቁሞ፣
"ሰባ ሁለት! ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣
እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ፣ ውል የማያፈርስ።
ሌላው ሁሉ ቢያረጅ፣ ልቤ አላረጀም።"
ሲኒካ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን አልረዘመም።

በአንድ ምትና በሚቀጥለው ምት
መካከል ያለውን የክፍተቱን ስፋት
ሰከንድን ለሺህ ሸንሽኖ፣ ከፋፍሎ
ማሽኑ ይጽፋል፣ ነጥብ በነጥብ ጥሎ።
ስምንት መቶ ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ አራት።
ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሦስት።
ኮረብታ የሌለው፣ ወንዝ ያላለፈበት
ጠፍ የሜዳ መሬት።

"ታይስቶ" አለች፣ "አንተ የነዳኸው ባቡር
ሁለት መያዣ አለው፤ አንዱ የሚያስበርር፣
አንዱ የሚገታ።
ልብም እንዲሁ ነው። አንዱ ነርቭ ይገፋል፣ ያጣድፋል፤
ሌላው ከአንገት ወርዶ ፍሬኑን ይይዛል።
አየር ስታስገባ ፍሬኑ ይላላል፣
ስታወጣው ደግሞ መልሶ ይጠብቃል።
ጤነኛ ልብ በሁለቱ መሐል ያመነታል፤
አንዴ ቀደም ይላል፣ አንዴ ዘግየት ይላል።
ያንተ ግን…"
ቃል ፈለገች፤ አልሞላላትም።
"ያንተ ልክ መሆኑ ነው ልክ ያልሆነው።"

ተቆጣ ታይስቶ፤ ፊቱ ደም መሰለ፣
"ዕድሜውን ቀጥ ብሎ የኖረን ሰው፣ ዛሬ ተንገዳገድ?" አለ።
ቁጣው ግን ልቡ ዘንድ አልደረሰም፤
መስመሩ ላይ ቅንጣት አልተነሣም።
ሲኒካ የፈራችው ያኔ ነው።
በእኛ ፊደል ምትና ሞት ጎረቤት ናቸው፤
የአንዲት ሆሄ ቅርጽ ነው የሚለያቸው።
እሷ ፊደላችንን አታውቅም። ቢሆንም ተሰማት።

"አሁን አታውራ። ከእጄ ጋር ተንፍስ፤
አምስት ስቆጥር አስገባ፣ አምስት ስቆጥር አውጣ።"
እጇ እንደ ጣቢያ ሹም ባንዲራ ወጣ፣
ወረደ። ወጣ። ወረደ።
ውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና እያጓራ ሄደ።
አንደኛው ትንፋሽ ምንም። ሁለተኛው ምንም።
ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ፤
አራተኛው ላይ መስመሩ ጎበጠ፣
እንደ ድመት ጀርባ፣ ጥቂት ተለጠጠ።
አሥራ አንድ ሚሊ ሰከንድ።
ለሌላ ሰው ኢምንት። ለሷ የበር ስንጥቅ፣
ውስጥ ሰው እንዳለ የሚያሳውቅ።

ቅባቱን ስትጠርግለት "አራተኛው ላይ ምን አሰብክ?" አለችው።
ጫማውን አስሮ ሲጨርስ ነው የመለሰላት፦
"ቫላ አጠገብ፣ በሌሊት፣ ግዙፍ አጋዘን ከነግልገሏ
ሐዲዱ ላይ ቆማ አየኋት። ፍሬን ያዝኩላት።
ጥሩንባ አልነፋሁም፤ መብራቱን ቀነስኩላት።
ግልገሉ እስኪነሣ አራት ደቂቃ ጠበቅኩ።
የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።"

ኮቱን ደርቦ በሩ ላይ ቆመ።
"ለመሆኑ ጤነኛ ልብ ስንት ይዘገያል?"
"ሠላሳ፣ አርባ። ከሺህ።"
"ከሺህ አርባ!" ሳቀ። "ይሄማ በኛ መዝገብ
መዘግየት አይባልም፤ ማንም አይቆጥረው።"

ወጣ። የደረጃውን ብረት ይዞ ሲወርድ
ሲኒካ ኮቴውን አዳመጠች፦
አንድ… ሁለት፣ ሦስት…
ቆም።
አራት።