እንዴት አደርክ

«እንዴት አደርክ?» ይላል ጋሽ አስማረ መጥቶ፣
የኮፒ ቤቱን በር በግማሽ ከፍቶ።
«እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ምን ልበል ሌላማ?
እኔ መች አደርኩኝ፤ ያደረው ከተማ፣
ያደረው ፒያሳ፣ ያደረው ግንቡ ነው፤
እኔንስ ሌሊቱ በላዬ ነው ያለፈው።

ማታ ማታ የሰው ጥናት አባዛለሁ፣
የሰው ማስታወሻ፣ በገጽ ሁለት ብር።
አረንጓዴው መብራት ከመስታወቱ ሥር
ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ፣
ዐይኔን ብከድንም አይተወኝ፤
ከቆቡ ሥር ገብቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ትናንት የራሴን ምዕራፍ ገለጥኩ።
«ጤነኛ ሰው» ይላል፣ «ስምንት ሰዓት መተኛት አለበት።»
በቀይ አሰመርኩበት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ
ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት እያልኩ
እንደ አራጣ ዕዳ ስቆጥረው ነጋ።

ቀን ላይ ነገር ይጠፋኛል።
ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁልፍ እፈልጋለሁ፣
ሻይ ውስጥ ጨው ጨምሬ እስከ ዝቃጩ ጠጥቻለሁ።
ይታይሽን «ሙሉ» ብዬ ጠራኋት፤
ሙሉ ማን እንደሆነች እኔም አላውቅ፣
እሷ ግን እስካሁን እንዳኮረፈች ነው።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ።
እኔ እኮ ሕልሜን ብዬ ነው ያልተኛሁት!
እመረቃለሁ፣ ለእናቴ ቆርቆሮ እለውጣለሁ ብዬ።
ሸለብ ሲያደርገኝ የሚመጣው ግን ይኼ ነው፦
ሀ. እናትህ ታማለች
ለ. ወረቀት አልቋል
ሐ. ሀ እና ለ
መ. መልሱ አልተሰጠም
እርሳሴ አይጽፍም። ሰዓት አልቋል ይላል አንድ ድምፅ።

አንድ እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ቀና አልኩ፤
ጣሪያው ሙሉ ፊት፣ ጣሪያው ሙሉ ዐይን።
«ትጉሃን ናቸው» አሉኝ መሪጌታ ይኄይስ፣
«ቀንም ሌትም አያንቀላፉም።»
የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ላይም «ትጉህ ተማሪ» የሚል አለ፣
እናቴ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።
እነሱስ ክንፍ አላቸው።
ከጥግ ያለውን አንዱን ግን ወደድኩት፤
ቀለሙ ረግፎ
አንድ ዐይኑን የከደነ መሰለኝ።

ዛሬ ለፈተናው በባዘዘው ባጃጅ ወደ ማራኪ ተሳፈርኩ።
ጭንቅላቴን ከብረቱ አስደገፍኩ፣ ለአፍታ ብዬ።

ደልጊ ነኝ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል፣
ከጓሮ ሐይቁ ይተነፍሳል፣
እናቴ ምስር ትለቅማለች፤
ማንም
ምንም አልጠየቀኝም።

ስነቃ አዘዞ ነው።
ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሌላው ሰው ወርዷል፣
ባዘዘው ጋቢውን እላዬ ጥሎ
ደጅ ቆሞ ሽምብራ ይቆረጥማል።
«ማራኪ ላይ ሦስቴ ጠራሁህ፤
ከዚያ በላይ አንጀቴ እንቢ አለኝ።»
ፈተናው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ።
ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣
የወጣው ማዛጋት ሆነ።
እየሳቀ ቁልፉን አዞረ፦
«እሺ፣ እንዴት አደርክ?» አለኝ በዚያ ፀሐይ።

«አደርኩ» አልኩት።
ከማራኪ እስከ አዘዞ።