ሁለተኛው ጫማ

ሥራዬ ወረቀት ነው። ማመልከቻ እቀበላለሁ፣
ማኅተም አሳርፌ በፊደል ተራ እከትታለሁ።
ከጠረጴዛዬ በስተግራ፣ ከታች፣ ቁልፍ የሌለው መሳቢያ አለ፤
ስንት ሰው በስሙ ተጣጥፎ እዚያ ውስጥ ዋለ!
ማንም አዝዞኝ አያውቅም፤ «አትቅጠሪ» ያለኝ የለም፤
አድራሻውን ካየሁ ይበቃኛል፤ ሌላውን አላነብም።
«ከወንዝ ማዶ» ይላል። የቤት ቁጥር የለ፣ መንገዱ ስም የለው፤
ሮማዎቹ የሰፈሩበት፣ ካርታ የዘለለው።

ስልክ ደውለው ሲጠይቁኝ «አዎ፣ ይምጡ» እላለሁ።
በስልክ ሁሉም ሰው ነው፤ ድምፁን እወደዋለሁ።
በር ላይ ቆሞ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ መልኩን ሳየው ጊዜ፣
«ቦታው አሁን ተያዘ» ይላል አፌ፣ ያለ ትእዛዜ።

ባለፈው መጋቢት ከላይ አንድ ደብዳቤ ወረደ፤
ባለቤቱ ሰው አጣ መሰለኝ፣ ወይ ልቡ ራደ፤
የስሎቫኪያ ወጣት ሁሉ ወደ ጀርመን ሄዷል፣
ግማሹ ማሽን ሸራ ለብሶ እንደ ሬሳ ተጋድሟል።
«ከወንዝ ማዶ ዐሥራ ሁለት ሰው፤ የብየዳ ሥልጠና፣ ከነደመወዙ።»
«ሳምንት አይሞሉም» አለ ፎርማኑ፤ «ብረቱን ይዘው ነው የሚጓዙ።»

መሳቢያውን ከፈትሁ።
ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ሁለቱ አመልካቾች ሞተዋል።
ጌይዛ ቹሬያ፤ በአራት ዓመት አራት ማመልከቻ፤
በሦስተኛው «እባክዎ» ጨምሯል፤ በአራተኛው ስሙን ብቻ።

አውቶቡሱ ማዶ አይሻገርም። ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሩ
በጨለማ ይመጣል፤ ጭቃው ይከተለዋል እስከ በሩ።
ከበሩ ወዲያ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ቁጭ ይላል፤
ከፌስታል ሌላ ጫማ ያወጣል፣ የተወለወለ፤ ይለውጣል፤
የጭቃውን ጠቅልሎ ይሸጉጣል ከአጥሩ ሥር፣
ሌባ የሰረቀውን እንደሚሰውር።
በመጀመሪያው ቀን በመስኮት አይቼ ሳቅሁ። በሁለተኛው አልሳቅሁም።
በሦስተኛው ልቤን አንድ ነገር ነካው፤ ግን ምንም አላልሁም።

አያቱ ቀጥቃጭ ነበረ አሉ፤ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ የፈረስ ጫማ፤
የከተማውን በር ሁሉ ሠርቶ፣ እሱ ደጅ ያደረ በጨለማ።
ባለእጅ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ እጁን ግን ማን ጨበጠው?
የጋለ ብረት ነው እንጂ መዳፉን የመለጠው።

በስድስተኛው ሳምንት ፎርማኑ አንድ ቧንቧ ይዞ መጣ፤
የብየዳውን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ የሚለው ታጣ።
«ማን ነው የበየደው?» አለ። ያውቃል፤ ግን ጠየቀ።
ጌይዛ መከለያውን ገለጠ፤ ላቡ ቅንድቡ ላይ ደረቀ።

ከዐሥራ ሁለቱ ሰባት ቀሩ። አራንካ ልጅ የሚይዝላት አጣች፤
ማርጊታን ሳንባዋ ጣላት፤ ሳል ይዛ ወጣች።
ሁለቱን አራጣ አበዳሪ ወሰዳቸው፤ አንዱን ስድብ መለሰው፤
የዋለበትን ቀን ቆጥረን ሂሳብ ዘጋንለት፤ ስድቡን ግን ማን ይካሰው?
ከሰባቱ አራቱ ፈረሙ፣ ያውም የሦስት ወር ውል።
ጋዜጣው «በር ተከፈተ» አለ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ገርበብ ነው የሚባል።
መሳቢያው ባዶ ነው። ቢሆንም ልማድ የራሱ እጅ አለው፤
ማመልከቻ ሲመጣ፣ ሳላስበው፣ ወደዚያ ነው የሚልከው።

ትናንት ዝናብ ነበር። መኪናዬ እምቢ ብላ በእግሬ መጣሁ፤
እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኜ ከበሩ ደረስሁ።
«ደህና አደሩ ወይዘሮ ዝደንካ» አለ ዘበኛው፤ ወደ ታች አላየም።
ሃያ ሁለት ዓመት ስገባ ስወጣ፣ እግሬን ያየ የለም።
ዘወር አልሁ። ጌይዛ ድንጋዩ ላይ ጫማውን እየለወጠ፣
አየኝ፤ ጭቃዬን አየ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠ።
ከፌስታሉ ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ቶሎ ይጥረጉት» አለ፤
«እዚህ ቤት እግር ያያሉ።»